ስም የተለየው ጠልሰም፦ እስክንድር ቦጎሲያን፣ ሱሪያሊዝምና የደብተራው ብራና

(በፍኖተ ሰላም ከተማ ለተማሪዎችና ለመምህራን ከቀረበ የሕዝብ ንግግር የተገለበጠ)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ሠዓሊ ነው። እስክንድር ቦጎሲያን ይባላል፤ በውጭ አገር የሥነ ጥበብ መጻሕፍት «ስኩንደር» በሚለው አጭር ስሙ ይታወቃል። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ ለንደንና ፓሪስ ተምሮ፣ ዋሽንግተን ያረፈ ሰው ነው፤ ጎጃሜ አይደለም። ስለዚህ ስለ እርሱ ለመናገር ፍኖተ ሰላም ድረስ መምጣት ምን ያስፈልጋል የሚል አድማጭ ቢኖር አይፈረድበትም። ምክንያቴ ያለው በሥዕሎቹ ውስጥ ነው። እርሱን በዓለም ያስጠሩት አፍጣጭ ዓይኖች፣ ፍርግርጎች፣ ከጨለማ የሚወጡ ክንፋም ፍጡራን፣ ከዚህ እስከ ቡሬ፣ ከቡሬም እስከ ሰከላ ባለው ገጠር ክታብ ተዘርግቶ ያየ ሰው ዘንድ ባዕድ አይደሉም።

የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ጠልሰም ከታማሚ ሰው አንገት ወርዶ በሙዚየም ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ምን ይቀርለታል፣ ምንስ ይጎድልበታል? ይህን የምጠይቀው በየመማሪያ ክፍላችን ሁለት ቀላል መልሶች ሥር እየሰደዱ ስለሆነ ነው። አንደኛው፣ እስክንድር ሱሪያሊዝምን ከፓሪስ በሻንጣው ይዞ መጣ ይላል። ሁለተኛው፣ ለጆሮ ይበልጥ ደስ የሚለው፣ ደብተራው ከአንድሬ ብሬቶን በፊት ሱሪያሊስት ነበር ይላል። ሁለቱም መልሶች ብራናውን ገልጦ የማየትን ድካም ያስቀራሉ።

በቅድሚያ የሕይወት ታሪኩን በአጭሩ ልበል። እስክንድር የተወለደው በሐምሌ 1929 ዓ.ም.፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። አባቱ ኮሎኔል ኮስሮፍ ጎርጎርዮስ ቦጎሲያን ከአርመን ወገን የሆኑ የክብር ዘበኛ መኮንን ነበሩ፤ እናቱ ወይዘሮ ጸዳለ ወልደ ተክሌ ኢትዮጵያዊት ናቸው። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ አባቱ በወራሪው እጅ ለዓመታት ታስረዋል። በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከዚያ ውጭ ደግሞ የኢትዮጵያን ጥንታዊ ሥዕል ያጠኑ ከነበሩት ፖላንዳዊ ምሁር ከስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ዘንድ ሥዕል ይለማመድ ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ የኢዮቤልዩ በዓል በተደረገ ውድድር ሁለተኛ ወጣ። ቀጥሎም ስኮላርሺፕ አግኝቶ ሁለት ዓመት በለንደን፣ ከዚያም ዘጠኝ ዓመት ያህል በፓሪስ ተቀመጠ፤ በፓሪስ ግራንድ ሾሚየር በተባለው የሥዕል ትምህርት ቤት መጀመሪያ ተማሪ፣ ኋላም መምህር ሆነ።

እርሱ ፓሪስ ሲደርስ ሱሪያሊዝም አርጅቶ ነበር። ብሬቶን የመጀመሪያውን ማኒፌስቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። የትምህርቱ ፍሬ ነገር፣ እጅ ከአእምሮ ቁጥጥር ነጻ ወጥቶ ሕልም እንደሚፈስስ ይጻፍ፣ ይሣል የሚል ነበር። ብሬቶን እ.ኤ.አ. በ1929 ባወጣው ሁለተኛው ማኒፌስቶ ደግሞ ንቅናቄው ከአደባባይ ርቆ ኅቡእ እንዲሆን ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ የሱሪያሊስቶች ዓይን ወደ አልኬሚ፣ ወደ ኮከብ ቆጠራ፣ ወደ አፍሪካና ወደ ፓስፊክ ደሴቶች የአምልኮ ዕቃዎች ይበልጥ አዘነበለ። እንግዲህ «ምሥጢር» የሚለው ቃል በፓሪስ ቡና ቤቶች ውስጥ የምርጫ ጉዳይ ነበር ማለት ነው፤ ሰው ወዶ የሚለብሰው ካባ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ጎጃም ስንመለስ ይፈለጋል።

እስክንድርን የነካው ግን ማኒፌስቶው ሳይሆን አንድ ሠዓሊ ነው፤ ኩባዊው ዊፍሬዶ ላም። ላም አባቱ ቻይናዊ፣ በእናቱ ወገን ከአፍሪካ በባርነት ከተወሰዱ ሰዎች የተወለደ ነው። የክርስትና እናቱ የአፍሮ ኩባውያን እምነት ካህን ነበረች። ፒካሶንና ብሬቶንን በቅርብ ያወቀ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ1943 «ጫካው» የተባለውን ታላቅ ሥዕሉን የሠራው አገሩ ተመልሶ፣ በክርስትና እናቱ ዓለም ውስጥ ቆሞ ነው። ከሁለት ዘር የተወለደ፣ የአገሩ ስውር ጥበብ በቤቱ ደጃፍ የነበረ፣ ፓሪስን እንደ መስተዋት የተጠቀመባት ሰው። እስክንድር በላም ሥራ ውስጥ የራሱን ዕጣ ሳያይ አይቀርም። ከላም ሌላ ፓውል ክሌና ቺሊያዊው ሮቤርቶ ማታ በሥራው ላይ ዱካቸው ይታያል፤ እነርሱን ለሥነ ጥበብ መምህራን ልተዋቸውና ወደ ታሪክ ልግባ።

ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ መንገድ አለ። እስክንድር ወደ ፓሪስ ከመሄዱ ከሩብ ምእተ ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ የኛ ደብተራ ብራና ራሱ ወደ ፓሪስ ሄዷል። ማርሴል ግሪዮል የተባለው ወጣት ፈረንሳዊ የባህል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1928 እና በ1929 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ በዚያን ጊዜ በራስ ኃይሉ ትገዛ ወደነበረችው ጎጃም ዘለቀ። ከተመለሰ በኋላ በ1930 የአንድ ኢትዮጵያዊ ደብተራን የመድኃኒትና የአስማት መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር አሳተመ። በ1931 ደግሞ ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን አቋርጦ የሚያልፈውን ታላቅ የጥናት ጓድ እየመራ ተነሣ። የጓዱ ጸሐፊ ከብሬቶን ማኅበር የወጣው ገጣሚ ሚሼል ሌሪስ ነበር። በ1932 ጎንደር ላይ ወራት ተቀመጡ፤ ሌሪስ ከዛር ቤት አልጠፋም። ሲመለሱ በአጠቃላይ ከ3,000 በላይ ዕቃ፣ ከኢትዮጵያ ብቻ ከ300 በላይ የብራና ጽሑፎችና ክታቦች፣ ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የተነሡ ሥዕሎችም ጭምር ወደ ፓሪስ አጋዙ። «ሚኖቶር» የተባለው፣ ሱሪያሊስቶች በሰፊው ይጽፉበት የነበረው ያማረ መጽሔት፣ ሁለተኛ ቁጥሩን እ.ኤ.አ. በ1933 ሙሉ በሙሉ ለዚህ ጉዞ ሰጠ።

እንግዲህ «ሱሪያሊዝም ከፓሪስ ወደ ኢትዮጵያ መጣ» የሚለው ዐረፍተ ነገር መንገዱን ግማሽ ብቻ ነው የሚያሳየው። ጠልሰሙ በበቅሎና በመርከብ ተጭኖ ቀድሞ ሄዶ በቤተ መጻሕፍታቸው ተቀምጧል፤ ፓሪስ ስለ ምሥጢር የነበራት ረኃብ በከፊል ከጎጃምና ከጎንደር በተወሰደ እህል የተቀለበ ነው። ባለቤቶቹ ግን ስም አልተጠራላቸውም። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ብራናው። አንዲት ሴት ትታመማለች እንበል፤ ሴት ያልሁት ከተረፉት ክታቦች ብዙዎቹ ለሴቶች የተጻፉ ስለሆኑ ነው። ልጆቿ በተከታታይ ይሞቱባታል፤ ሾተላይ አለባት ይባላል። ወይም ደም ይፈስሳታል፤ ወይም ሌሊት ያቃዣታል። ዘመዶቿ ደብተራ ዘንድ ይሄዳሉ። ደብተራው የክርስትና ስሟንና የእናቷን ስም ይጠይቃል፤ ፊደላቱን በቁጥር አስልቶ፣ ደምሮ፣ በ12 ገድፎ ኮከቧን ያወጣል። ከኮከቧ ተነሥቶ የሚታረደውን በግ ወይም ፍየል መልክ ይነግራቸዋል። ከብቱ ይታረዳል፤ ቆዳው ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ተወጥሮ፣ ተፍቆ ብራና ይሆናል። ብራናው በቀጭኑ ተቆርጦ ጫፍ ለጫፍ ይሰፋል፤ ርዝመቱ ከታማሚዋ ቁመት ጋር እንዲስተካከል፣ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ እንዲጠብቃት።

ጸሎቱ በጥቁር ቀለም፣ ኅቡኣት ስሞችና የባለቤቲቱ ስም በቀይ ይጻፋል። ለእናቶችና ለሕፃናት የሚዘወተረው የቅዱስ ሱስንዮስ ታሪክ ነው፤ ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን በጦር የወጋት ፈረሰኛ። ሌላው መርበብተ ሰሎሞን ነው፤ ንጉሥ ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ የያዘበት ጸሎት። በጽሑፉ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ሥዕሎች ይገባሉ፦ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ፣ በመካከሉ የሰው ፊት ያለበት ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ፣ የተጠላለፈ መረብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓይን። ጥንድ ዓይን፣ ነጠላ ዓይን፣ በመረቡ ቀዳዳ ሁሉ የሚያፈጥጥ ዓይን። ከዚያ ይጠቀለልና በቆዳ ተሰፍቶ በአንገት ይንጠለጠላል፤ ሕመም ሲበረታ ተዘርግቶ በታማሚዋ ፊት ይሰቀላል።

ለምን ይሰቀላል? ከደብተሮች ዘንድ ለዓመታት የተማረው ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ መርሲዬ እንደሚያስረዳው፣ ጠልሰሙን የሚያየው በሴትዮዋ ዓይን በኩል ውስጧ ያደረው መንፈስ ነው። መንፈሱ በእርሷ ዓይን ይመለከታል፣ በብራናው ላይ ያለው ዓይን መልሶ ይመለከተዋል፣ ተሸብሮም ይወጣል። የሥዕሉ ሥራ የሚፈጸመው በመተያየት ነው።

አንድ ማስታወሻ ላክል። ጎጃም ሲባል ወዲያው ስለ መድኃኒትና ስለ አስማት ቀልድ የሚመጣለት ሰው አይጠፋም፤ እዚህ የተቀመጣችሁ አዲስ አበባ ስትሄዱ የምትሰሙት ነው። በእኔ ግምት የዚህ ዝና ምንጭ ሌላ ነገር ሳይሆን ትምህርት ነው። የጎንጅና የዋሸራ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር የተማረው ሰው ከደብሩ ድርጎ ይበልጥ ነበር፤ ግእዝ የሚያውቅ፣ ብርዕ የሚይዝ፣ መሬት የሌለው ሰው በእውቀቱ ማደር ነበረበት። ይህም በስውር መሆን ነበረበት። ቤተ ክርስቲያን ይህን ሥራ ከአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ በብርቱ አውግዛለች፤ ጎረቤትም ይፈራዋል። ደብተራው ቀን ቅኔ ማኅሌት ቆሞ፣ ሌሊት በኩራዝ የሚጽፈው ስለዚህ ነው። በፓሪስ ወዶ የሚለበስ ካባ የነበረው ምሥጢር እዚህ የመኖር ዋስትና ነበር። የእጁም ነገር እንዲሁ ነው። ሱሪያሊስቱ እጁን ከቁጥጥር ሊፈታ ሲደክም፣ ደብተራው በጾም፣ በቁጥር፣ በቀለም ሥርዓት እጁን ያስራል። ስለዚህ «ደብተራው ሱሪያሊስት ነበር» የሚለው ምስጋና ቢመስልም ሥራውን አያውቅለትም።

እዚህ ላይ ዋናውን ነገር ልናገር። ተማሪዎቼ በእስክንድር ሥዕል ፊት ሲቆሙ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። እባቡ ምንድን ነው? ወፏ የምን ምሳሌ ናት? ዓይኑስ የማን ነው? ይህ ጥያቄ የመጣው ከመልካም ቤት ነው፤ ከቅኔ ቤት። ሰምና ወርቅ የለመደ አእምሮ ነገር ሁሉ ውስጥ የተቀበረ ነገር አለ ብሎ ይነሣል፤ ሰሙ ይቀልጣል፣ ወርቁ ይወጣል፣ አድማጩ «ይበል!» ይላል፣ ነገሩም አለቀ። የእስክንድርን ሥዕል እንደ ቅኔ ለመፍታት የሞከሩ ጽሑፎች ብዙ ናቸው፤ እባቡን ጥበብ፣ ወፏን ነፍስ፣ ክቡን ዘለዓለም ይሉና ያርፋሉ።

ጠልሰም ግን አይፈታም። ቁልፍ በር ይዘጋል እንጂ «ምን ማለት ነው?» ተብሎ አይጠየቅም። በእርግጥ ደብተራው ቢጠየቅ ይህ የሰሎሞን ማኅተም ነው፣ ይህ ኪሩብ ነው ሊል ይችላል፤ ሌላው ደብተራ ለዚያው ቅርጽ ሌላ ስም ይሰጠዋል፤ ክታቡ ግን በሁለቱም እጅ ይሠራል ተብሎ ይታመናል። ኃይሉ ያለው በፍቺው ውስጥ አይደለም ማለት ነው። ኃይሉ ያለው በሁለት ነገር ነው፤ በሚያየው ዓይንና በተጻፈው ስም። ግእዝ የምታውቁ «አስማት» የሚለው ቃል በራሱ የ«ስም» ብዙ ቁጥር መሆኑን ታስታውሳላችሁ። አስማት ማለት ስሞች ማለት ነው፦ የመለኮት ኅቡኣት ስሞች፣ የአጋንንት ስሞች፣ ከእነርሱም መካከል በቀይ የገባው የአንዲት ገበሬ ሴት የክርስትና ስም።

ይህን ይዘን ወደ ሥዕሎቹ እንሂድ። እስክንድር እ.ኤ.አ. በ1964 «የጁጁ ሰርግ» የተባለውን ሥራ በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ በቴምፔራና በብረታማ ቀለም ሠራ፤ የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ገዝቶታል። በዚያው ዓመት የሠራው «የፍርሃትና የሐሤት የሌሊት በረራ» ዛሬ በሰሜን ካሮላይና የጥበብ ሙዚየም ይገኛል፤ በጨለማ መደብ ላይ እንደ ከዋክብት የተነሰነሱ ነጠብጣቦች፣ በመካከላቸውም ክንፍ ያላቸው ፍጡራን ሲበሩ ይታያሉ። «ጁጁ» የሚለውን ቃል አስተውሉ። የምዕራብ አፍሪካ ቃል ነው እንጂ የኛ አይደለም። ጠልሰም ወይም ክታብ ማለት ሲችል ያንን መረጠ። በዚያን ዘመን ፓሪስ የአፍሪካና የካሪቢያን ጸሐፍትና ሠዓልያን መሰብሰቢያ ነበረች፤ አገሮች በየዓመቱ ነጻ ይወጡ ነበር። እስክንድር የአንድ መንደር ምሥጢር ጠባቂ መሆን አልፈለገም፤ ከዳካር እስከ ሃቫና ያለ ሰው የሚገባበትን በር ፈለገ።

ከብራናው የወሰደው ዓይኑን ነው። መረቡን፣ በቀጭን መስመር የሚጠላለፈውን ሐረግ፣ ባዶ ስፍራን የማይታገሥ አሞላሉን ወሰደ። ኋላም የሚሣልበትን ነገር ራሱን ወሰደ፤ «የዘመን ዑደት» በተባሉት ሥራዎቹ፣ ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ1981 የተሠራ ነው፣ ከሸራ ወጥቶ ከዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅ ላይ ሠርቷል፤ የፍየል ቆዳም ተጠቅሟል። ያልወሰደው ስሙን ነው። በእስክንድር ሥዕል ላይ «አመተ እግዚአብሔር» ብሎ የሚጀምር ቀይ መስመር የለም። ታማሚ የለም፤ የእናት ስም የለም፤ በ12 የተገደፈ ቁጥር የለም።

ይህ ጉድለት ነው ወይስ ግኝት? እኔ ሁለቱም ነው እላለሁ፤ ግኝቱ ግን ያመዝናል። ስሙ ሲወጣ የታማሚው ቦታ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ በሆነው ቦታ ላይ ደግሞ በሥዕሉ ፊት የሚቆም ሁሉ ይገባበታል። ኒውዮርክ ያለ ተመልካች፣ አዲስ አበባ ያለ ተማሪ፣ ሁሉም በዚያ ዓይን ይታያል። ከአውሮፓውያን ሱሪያሊስቶች የሚለየውም በዚህ ይመስለኛል። እነርሱ ሕልማቸውን ይሥላሉ፣ ተመልካቹ የሰው ሕልም ያያል። በእስክንድር ሥዕል ፊት ግን ሰው የመታየት ስሜት ያድርበታል፤ ይህንንም ስሜት ከሱሪያሊዝም ማኒፌስቶ አልተማረውም። የደብተራው ሥራ ነው፤ በሽተኛው ብቻ ተለውጧል።

እ.ኤ.አ. በ1966 ወደ አገሩ ተመለሰ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ 1969 አስተማረ፤ በ1967 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ። በዚያው በ1958 ዓ.ም. ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ማሳተማቸው አጋጣሚ ነው፤ እኔ ግን ደስ የሚለኝ አጋጣሚ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ የምታገኟት ማንኩሳ የመጽሐፉ መነሻ መሆኗን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በዛብህ ከመወለዱ ጋር በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ፣ በስሙ ላይ ቃል የታሰረበት ልጅ ነው። ሐዲስ የገጠሩን ጎጃም የመንፈስ ዓለም በስም፣ በቦታ፣ በዘር ሐረግ ይጽፉት ነበር፤ እስክንድር በዚያው ዓመት ያንኑ ዓለም ስም አውጥቶ ይሥለው ነበር። የዘመናዊት ኢትዮጵያ ጥበብ ሁለቱንም መንገድ ያስፈልጋት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የትኛው እንደሚሻል ግን ሌላ ቀን እንከራከር።

ሦስት ዓመት አጭር ጊዜ ቢሆንም ያሳደረው ተጽዕኖ ረጅም ነው። ዘሪሁን የትምጌታ የክታብን ቁመት በሸምበቆ ፍልጥ ላይ አምጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢየናሌ ከፍተኛውን ሽልማት ወሰደ። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ እስክንድር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ማስተማር በጀመረበት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የእርሱ ተማሪ ሆኖ ፊደልን ሰብሮ መሣል ጀመረ፤ በወሰኔ ሥዕል ላይ ያሉት ፊደላት ፊደል ናቸው፣ ሆኖም አይነበቡም። ከመምህሩ ወደ ተማሪው የተላለፈው ይኸው ነገር ነው፤ ቅርጹ ተይዞ ስሙ ሲለቀቅ። በተቃራኒው መንገድ የመጡም አሉ። ጌራና ጌዴዎን የተባሉት በቤተ ክህነት የተማሩ ጠልሰም ሠሪዎች የፓሪስን በር ሳያንኳኩ ከጸሎቱ ወደ ሥዕሉ ተሻገሩ፤ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1997 መርሲዬ በኒውዮርክ ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ ታይቷል። ከእስክንድር ጋር ጎን ለጎን አድርጎ የሚያጠናቸው ተማሪ ቢገኝ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።

እስክንድር እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በሃዋርድ እስከ 2001 አስተምሮ፣ በሚያዝያ 1995 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ዐረፈ። በ2001 ከቀድሞ ተማሪው ከከበደች ተክለአብ ጋር «ኔክሰስ» የተባለውን ትልቅ የአሉሚኒየም ቅርጽ በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ ተክሏል።

አሁን ከላይ ወዳቆየሁት ነገር ልመለስ። ሠዓሊው ስሙን ማውጣቱ ፈጠራ ነው፤ ሥዕሉን የሣለው እርሱ ነውና መብቱ ነው። ነጋዴው ስሙን ሲያወጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ከየገጠሩ የወጡ ክታቦች በአዲስ አበባ የስጦታ ዕቃ ሱቆች ይሸጣሉ፤ ገዢ የሚፈልገው ዓይኑንና መልአኩን ስለሆነ ብራናው ይቆረጣል፣ ሥዕሉ በመስተዋት ይገባል፣ ጸሎቱ ይጣላል። ከጸሎቱ ጋር የሴትዮዋ ስም ይጣላል። በውጭ አገር ሙዚየሞችም ብራናው ሙሉ ሆኖ ተሰቅሎ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ «ባለቤቱ ያልታወቀ» ሲል ታገኙታላችሁ፤ ስሟ በቀይ ቀለም፣ አምስት ስድስት ጊዜ ተደጋግሞ፣ ከዚያው ብራና ላይ እያነበባችሁት።

ለታሪክ ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያለፉት ሁለት መቶ ዓመታት የጎጃም ገጠር ሴት በየትኛው መዝገብ ላይ ተጻፈች? በግብር መዝገብ ባሏ አለ። በርስት ክርክር አባቷ አለ። በክታብ ላይ ግን ራሷ አለች፤ ስሟ፣ የሕመሟ ዓይነት፣ የፈራችው ነገር፣ የሞቱባት ልጆች፣ ቁመቷ ሳይቀር በብራናው ርዝመት። በመንደራችሁ ክታብ ብታገኙ፣ ባለቤቶቹም ቢፈቅዱ፣ ሥዕሉን በስልካችሁ ከማንሣታችሁ በፊት ስሙን ቅዱ። ካልፈቀዱም መልሳችሁ ጠቅልላችሁ ስጡ፤ ለአንገት የተሠራ ነገር ነው።

ስትቀዱ አንድ ነገር ያጋጥማችኋል። ክታቡ ከእናት ወደ ልጅ ወይም ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የቀድሞው ስም በቢላዋ ይፋቃል፣ የአዲሷ ባለቤት ስም በላዩ ይጻፋል። ፋቂው ከተቻኮለ አንዳንድ ቦታ ይስታል። ብራናውን በመስኮት ብርሃን ላይ ዘንበል ብታደርጉት ከአዲሱ ስም ሥር የፊተኛው ቀይ ጥላ ይታያል፤ ከመጨረሻዎቹ መስመሮች በአንዱ ደግሞ ሳይፋቅ የቀረ ሙሉ ስም ልታገኙ ትችላላችሁ። ሁለቱንም መዝግቡ።

 ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።